ሞስዮ ሙሚን አማርኛ የሚናገርበት ሰዓት

ያን ቀን ኸምሲን ይነፍስ ነበር። ኸምሲን በሐምሌ ጅቡቲን የሚጎበኝ የበረሃ ነፋስ ነው። አሸዋውን ጥርስ ውስጥ፣ አልጋ ውስጥ፣ ስኳር ውስጥ ትቶ ይሄዳል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ፍሪጁ ወለሉ ላይ ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ድመቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ንጣፉ ላይ ሆዷን ዘርግታ ተኝታለች፤ ማዳም ባታየኝ ኖሮ እኔም ከጎኗ እዘረጋ ነበር። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ በቀኝ እጄ የሻይ ፔርሙስ፣ በግራ እጄ ግራ ጉልበቴን ይዤ ጫት የሚቃምበት የበርጫው ክፍል በር ላይ ቆሜያለሁ። ላብ ከአገጬ ላይ እየተንጠባጠበ ፔርሙሱን ያጥበዋል። አንድን መንግሥት ገንዘብ ላስወጣ ነው። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው።

እዚያ በር ላይ እንዴት እንደ ደረስኩ ልናገር።

ስሜ ፀደይ ነው። ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ኋላ የመጣሁባት ከተማ ሁለት ወቅት ብቻ አላት፣ ሙቀትና የባሰ ሙቀት። ስለዚህ ስሜን የሚጠራ ሰው ሁሉ ያለ ቦታዬ መምጣቴን ያስታውሰኛል። በሦስት ዓመቴ ፖሊዮ ግራ እግሬን አቀጠነው። ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ የሰባተኛ ክፍል መማሪያ ፎቅ ላይ መሆኑን ሰማሁ። ደረጃውን ከታች ቆሜ ቆጠርኩት፤ ሠላሳ አራት ነው። ትምህርት ለእኔ አይሆንም ብዬ ወሰንኩ። በሕይወቴ በፍጥነት የወሰንኩት ብቸኛው ነገር እሱ ነው፤ ተሳስቼም ነበር።

በፈረንጅ አቆጣጠር 1998 በባቡር ጅቡቲ ገባሁ። ደላላው ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከሚባለው የደህና ሰው ሰፈር ወሰደኝና ማዳም ሐዲጃ ፊት አቆመኝ። ማዳም ሐዲጃ ወፍራም፣ ቆንጆ፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስሄድ አየችኝና በደላላው አስተርጓሚነት ጠየቀች።

«ታነክሳለች እንዴ?»

«አዎ ማዳም፣ ትንሽ» አልኩ።

«በጣም ጥሩ» አለች።

ደግ ሴት መሰለችኝ። ኋላ ነው የገባኝ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁለት ሠራተኞች ተራ በተራ ከሾፌር ጋር ጠፍተውባታል። ይቺ አትሮጥም ብላ ነው የቀጠረችኝ። ልክ ነበረች፤ እነሆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

ባሏ ሞስዮ ሙሚን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጡረታ ወጥቷል፣ ሰላሙን ልተውለት። መንግሥት ለእንግዳ፣ ለበዓል፣ ለስፖርት የሚያወጣው ገንዘብ በእሱ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። የእሱ ፊርማ ያለበትን ወረቀት ከበላዩ ያሉት ብዙም አያነቡትም ይባላል። ልጅነቱን ድሬዳዋ አክስቱ ቤት ስለኖረ አማርኛ ይችላል። ታዲያ ከመቻል መናገር ይለያል። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ በፈረንሳይኛም የሚናገረው ስለ ሸሚዙ አተኳኮስ ብቻ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ሲደርስ በሶማልኛ ይቆጣል፤ ዘገየ፣ ደረቀ፣ ተሰረቀ ይላል። ከዚያ ጓደኞቹ ይመጣሉ፣ ትራሱ ይደረደራል፣ በሩ ይዘጋል። አሥር ሰዓት ላይ ምርቃናው ሲወጣ ግን አማርኛ ይናገራል። «ፀደይ! የድሬዳዋ ልጅ! ሻይ አምጪ እንጂ!» ካለ ሰውየው ሌላ ሰው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ዓይኔ እያየ ሦስት አውሮፕላን ማረፊያ ሠርቷል። ባሕሩ ላይ ድልድይ ዘርግቶ የመን አድርሷል። ለአንዱ ጓደኛው የአጎት ልጅ ሐኪም ቤት ሰጥቷል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዝም ይላል። በማግስቱ ጠዋት ፈረንሳይኛ ይናገራል፤ ድልድዩንም የሚያነሣበት የለም። በዚያ ቤት፣ እንዲያውም በዚህ ከተማ፣ ሰውን ጠዋት ላይ «ትናንት በርጫ ላይ እንዲህ ብለህ ነበር» ማለት ነውር ነው።

እኔ ዐርብ ዕረፍት ነኝ። ድሮ ዐርብ ዐርብ ባቡር ጣቢያ እየሄድኩ ከድሬዳዋ የመጣ ሰው እፈልግ ነበር። ባቡሩ ከቀረ በኋላም እግሬ ልማዱን አልተወም። ብቻ ሄጄ የተዘጋውን በር አይቼ እመለሳለሁ። አንድ ዐርብ ከጣቢያው ጀርባ ካለው ባዶ ሜዳ የሰው ድምፅ ሰማሁ። አምስት ስድስት ሰዎች በተሽከርካሪ ወንበርና በክራንች ሆነው ብረት ይወረውራሉ። አንድ እግር ያለው፣ ጺሙን በሒና ያቀላ ሰው ጮክ ብሎ በድሬዳዋ አማርኛ ጠራኝ።

«አንቺ እህት! የምታነክሺው የእውነትሽን ነው ወይስ ጫማሽ ጠቦሽ ነው?»

«አንተስ፣ ሌላኛዋን እግርህን የት ረስተሃት ነው?»

«ዲኪል መንገድ ላይ የጭነት መኪና ተዋሰኝ፤ አልመለሰልኝም። ነዪ እስቲ አቦ፣ ሴት ቸግሮናል!»

ነጅሙዲን ይባላል። የሐረር ነጋዴዎች ልጅ ነው፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አለው። የአካል ጉዳተኞችን የስፖርት ክለብ ያቋቋመውም እሱ ነው። ችግሩን አስረዳኝ፤ ሁለት ሴት የሌለው ክለብ የትም አይመዘገብም፣ ያለቻቸው ሴት ደግሞ አንድ ናት። ያቺ አንድ ጀዋሪያ ትባላለች። ከከተማው ዳር ያለው የሃያብለ ሰፈር ልጅ ናት፤ ሁለቱም እግሯ አይታዘዝላትም፣ ምላሷ ግን የሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ምን መሥራት ነው ያለብኝ?» አልኩ።

«ለጊዜው ሴት መሆን» አለ ነጅሙዲን። «ሌላውን እናስተምርሻለን።»

አሎሎ የሚወረወረው ተቀምጦ ነው። ወንበራችን የድሮው ባቡር የሦስተኛ ማዕረግ ወንበር ነበር፤ ብየዳ ሠራተኛ እግር ቀጥሎለታል፣ ወገብና ጭን በገመድ ይታሰራል። አሎሎው ከሽንኩርት ነጋዴ የተገዛ የሦስት ኪሎ የሚዛን ድንጋይ ነው። የመጀመሪያው ውርወራዬ የጀዋሪያን ጎማ መታ። ጀዋሪያ የተቀመጠችው ከኋላዬ ነበር።

«ወደፊት ነው እኮ!» አለች። «ይቺ ሴት ድንጋዩንም እንደ ዕድሏ ነው የምትወረውረው።»

ግን እጅ አለኝ። አሥር ዓመት የማዳምን ምንጣፍ ያራገፈ፣ የጋዝ ሲሊንደር ከበር እስከ ማድቤት ያንከባለለ እጅ ነው። በዓመቱ አምስት ሜትር አሳለፍኩ። ነጅሙዲን ከሆነ ቦታ የጎረቤት አገሮችን ውጤት አምጥቶ አነበበልኝና በእኔ ዓይነት ጉዳት ሦስተኛ የወጣችው ሴት አራት ሜትር ከዘጠና ነው የወረወረችው አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ደህና ሰው አልነበርኩም። ሩዝ ስለቅም ሦስተኛ እወጣለሁ፤ ሸሚዝ ስተኩስ ሦስተኛ እወጣለሁ። ሁለተኛ እንኳ አልተመኘሁም፣ ልኬን አውቃለሁ። የምፈልገው አንድ ወረቀት ነበር፣ ስሜና ከጎኑ ቁጥር የተጻፈበት። ሰርተፊኬት የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ያለኝ ወረቀት የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ነው፣ እሱም ጊዜው አልፎበታል።

ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ፓስፖርት የለኝም፤ ውድድር ወዳለበት አገር መሄድ አልችልም። ስለዚህ እኔ ሦስተኛ እንድወጣ ውድድሩ ራሱ ተነሥቶ ጅቡቲ መምጣት ነበረበት።

እግዜር ሲያላግጥብኝ፣ ሊመጣ ሆነ። የስምንት አገር ክለቦች የሚገናኙበት ውድድር ነበር። የክለብ ስለሆነ ዜግነት አይጠየቅም፤ የክለቡ አባል መሆን ይበቃል። ሊያዘጋጅ የነበረው አገር አልችልም አለና ዕድሉ ለእኛ ቀረበ። የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ማደሪያውን፣ ምግቡንና መኪናውን መንግሥት እንደሚችል የሚገልጽ የተፈረመበት ደብዳቤ። ነጅሙዲን አምስት ወር ሙሉ በክራንች አንድ ቢሮ ተመላልሷል። «እየተጠና ነው፣ ነገ» ይሉታል። አሁን የቀረው ጊዜ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው።

«ቢሮው የማን ነው?» አልኩት።

«ሙሚን የሚባል ሰውዬ ነው። ወላሂ ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ የማውቀው የበሩን እጀታ ነው።»

አሎሎው ከእጄ አምልጦ ቀጭኑ እግሬ ላይ ወደቀ። ደግነቱ እሱ መጎዳት ለምዷል።

«የሱን ሸሚዝ የምተኩሰው እኔ ነኝ» አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። ያ መታየት ነው ያጠፋኝ። እንደ ሚኒስትር ተቀምጬ መመሪያ መስጠት ጀመርኩ። ቢሮ መሄድ ከንቱ ነው አልኩ። ነጅሙዲን ረቡዕ ቤት ይምጣ፣ እንደ እንግዳ ደንብ የራሱን ጫት ይዞ። ደብዳቤው ተጽፎ ኪሱ ውስጥ ይቀመጥ። ሞስዮ ፈረንሳይኛ ሲናገር ትንፍሽ እንዳይል። ሶማልኛ ሲናገርም እንዳይሞክር። «በአማርኛ እስኪናገር ጠብቅ። ልክ አማርኛ ሲጀምር ወረቀቱን አውጣ።»

«አንቺ ሴትዮ» አለች ጀዋሪያ «ስንት ዓመት ሙሉ ይሄን እያወቅሽ ነው ብረት የምትወረውሪው?»

ይኸውላችሁ፣ ኸምሲን የነፈሰበት ረቡዕ ደረሰ። ነጅሙዲን የድሬዳዋ ሰው ነኝ፣ የአክስትዎን ሰፈር አውቃለሁ ብሎ ገባ፣ ተቀመጠ። እኔ ሻዩ ውስጥ ስኳር አበዛሁ፣ ምርቃናውን ያፈጥነዋል ብዬ። ማዳም ሐዲጃ ማድቤት መጥታ የስኳሩን ቆርቆሮ አየችው።

«ፀደይ፣ ዛሬ ለስንት ሰው ነው የምታፈዪው?»

«ነፋሱ ነው ማዳም፣ አሸዋ ገብቶበት ደፋሁት።»

እውነት ተናግሬ ያማርኩበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ዋሽቼ ያማርኩበት ግን ጭራሽ የለም። አየችኝና ሄደች።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ነጅሙዲን ጫት አይቅምም። ሱቁ ውስጥ ሲቅም ዋጋ ስለሚቀንስ ከተወው ቆይቷል። እዚያ ቤት ግን ጫት ይዞ ገብቶ አለመቃም ያስጠረጥራል ብሎ ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንደ ሰዉ ቃመ። አሥር ሰዓት ላይ እኔ ፔርሙሱን ይዤ በር ላይ ስቆም ከሞስዮ ሙሚን ይልቅ የሱ ዓይን ነበር የሚያበራው።

«ፀደይ! የድሬዳዋ ልጅ! ሻይ!» አለ ሞስዮ በአማርኛ።

ነጅሙዲን ወረቀቱን አወጣ። ነገሩን አስረዳ። እኔ ጥግ ይዤ ብርጭቆ አጥባለሁ፤ አንዱን ብርጭቆ ስድስት ጊዜ ሳላጥበው አልቀረሁም። ሞስዮ አነበበና ቅር አለው።

«ስምንት አገር?» አለ። «ምን አላት ስምንት አገር? ለጎረቤቴ ልጅ ሠርግም ከስምንት አገር ይመጣል።»

«እውነትዎን እኮ ነው» አለ ነጅሙዲን።

«እኛ ወደብ ነን። ዓለም በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ሃያ ይሁን!»

«ሃያ ካሉማ» አለ ነጅሙዲን በጉልበቱ ተነሥቶ፣ አንድ ጉልበት እንዳለው ረስቶ ሊወድቅ ሲል ትራሱን ይዞ፣ «ሃያ ካሉማ የምን ክለብ ነው! አገር ለአገር ይሁን እንጂ! ባንዲራ ይውለብለብ፣ መዝሙር ይዘመር!»

«ባንዲራ!» አለ ሞስዮ ሙሚን። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ፀደይ፣ እስክሪብቶ አምጪ!»

አትሮጥም ተብዬ የተቀጠርኩት ሴትዮ ሮጥኩ። ማዳም የአስቤዛ ዝርዝር የምትጽፍበትን እስክሪብቶ ከማድቤት አመጣሁለት። እሱም በገዛ እጁ «ስምንት» የሚለውን ሰርዞ ሃያ አደረገው፤ «ክለቦች» የሚለውንም ሰርዞ «ብሔራዊ ቡድኖች» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ። እኔ በደስታ ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ። ምን እንደተጻፈ አላነበብኩም፣ ፈረንሳይኛ ነው። ብችልም አላነብም ነበር፤ ሦስተኛ ወጥቼ ነበር እኮ።

ሐሙስ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ እተኩሳለሁ። ሞስዮ ሙሚን ቡናውን ይዞ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አገኘው። ቆሞ አየው። የራሱን እጅ ጽሑፍ አየ፣ ፊርማውን አየ። መነጽሩን አውልቆ እንደገና አየ። ማንንም አልጠየቀም፤ ለመጠየቅ አለማስታወሱን መናገር ነበረበት። በፈረንሳይኛ «ጥሩ» አለ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፣ ሄደ። በዚያው ቀን ማኅተም ተመታበትና ተላከ።

ዐርብ ጣቢያው ጀርባ እንደ ሙሽራ ደረስኩ። ማንም አልተነሣልኝም። ነጅሙዲን መሬት መሬት ያያል። የተናገረችው ጀዋሪያ ናት።

«አገር ለአገር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሻል?»

«ባንዲራ አለው ማለት ነው» አልኩ።

«ጎበዝ። ያንቺ ባንዲራ የቱ ነው?»

እጄን ወደ አሎሎው ዘረጋሁ፤ ጀዋሪያ ቀጠለች።

«ለጅቡቲ እንዳትወረውሪ የጅቡቲ ሰው አይደለሽም። ለኢትዮጵያ እንዳትወረውሪ እነሱ የራሳቸውን ከአዲስ አበባ ይዘው ነው የሚመጡት፤ አንቺን ማን ያውቅሻል? አየሽ፣ በዚያች ወረቀት የጠፋው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ወላሂ ፀዲ» አለ ነጅሙዲን «ባንዲራው ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ዓመት ሙሉ ሳልቅም ቆይቼ ነው።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን እቅዱን ያወጣው ማነው፣ ስኳሩን ያበዛው ማነው፣ እስክሪብቶውን ያቀበለው ማነው? ራሴን በራሴ ከውድድር ለማስወጣት መንግሥትን ያስተባበርኩ ሴት ነኝ። ሌላ ሰው እንደዚህ ሊያደርገኝ ቢፈልግ አይሳካለትም ነበር።

ለማስተካከል አልሞከርኩም አይባልም። ጠዋት ላይ ማንሣት ነውር ስለሆነ አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ሻይ እየቀዳሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሞስዮ፣ ሃያ አገር አልበዛም?» አልኩት።

«ፀደይ!» አለ። «አንቺም አሰብሽበት? ልክ ነሽ፣ ሃያ ጎዶሎ ነው። ሃያ አምስት እናድርገው?»

ፔርሙሱን ይዤ ወጣሁ። በምርቃና ውስጥ የሚቀነስ ነገር የለም።

መንግሥት ቃሉን ጠበቀ፤ ይህን መካድ አልችልም። አንዴ ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ለሁሉም የክብር ጉዳይ ሆነ። ገንዘቡ ተፈቀደ፣ አውቶቡስ ተከራዩ፣ የአዳሪ ተማሪዎች መኝታ ተቀባ፣ የስታዲየሙ ደረጃ ላይ የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ ተሠራ። መውጫው ቀጥ ብሎ ከመቆሙ የተነሣ ጀዋሪያ ስትሞክረው ወደ ኋላ ተመልሳ የወረደችው ከወጣችበት በበለጠ ፍጥነት ነው፤ አፍርሰው እንደገና ሠሩት። ሞስዮ ሙሚንን በየቦታው ያመሰግኑት ጀመር። ሌሎች ስምንት ሲያስቡ ሃያ ያሰበ ሰው ተባለ። አንድ ቀን ለእንግዶች ሲያወራ ሰማሁት። «ለብቻዬ በጸጥታ ቁጭ ብዬ ሳሰላስል ነው የመጣልኝ» ይላል። እኔ ሻዩን እቀዳለሁ።

ውድድሩ በፈረንጅ 2013 ጥር ሆነ፤ ጥር ጅቡቲ ሰው የሚኖርባት ከተማ ትመስላለች። ሃያው አልመጡም፣ አሥራ አራት አገር መጣ። ከውጭ የታዘዙት የመወርወሪያ ወንበሮችም አልመጡም። ሌላ ወደብ ዞረው እየመጡ ነው ተባለ፤ እስከ ዛሬ እየመጡ ነው። ውድድሩ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ነጅሙዲን የባቡሩን ወንበር በጋሪ ጭኖ አመጣው። ዳኞቹ ዞሩት፣ ነቀነቁት፣ ከመሬት ጋር በብረት ካስማ አሰሩት፣ ተቀበሉት። ግን የገመዱን አስተሳሰር የሚያውቅ ጠፋ። እኔ ነኝ የማውቀው። ማዳም ሐዲጃ አራት ቀን ፈቀደችልኝ፤ «ቀድሞውንም እዚህ ያለው አካልሽ ብቻ ነው» አለችኝ።

አንገቴ ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ተሰጠኝ። ስሜ ከነፎቶዬ ታትሞበታል፤ ከስሜ ሥር ሥራዬ ተጽፏል። ነጅሙዲንን ምን ይላል አልኩት። «ውሃ» ይላል አለኝ። ገመድ አሳሪ የሚባል የሥራ መደብ ስለሌለ ከውሃ አዳዮቹ ጋር መድበውኛል።

በማለዳው ዋናው ዳኛ፣ ረጅም ፈረንሳዊ፣ ከውድድሩ በፊት የሆነ ሰው ወርውሮ ሜትሩና መስመሩ እንዲፈተሽ ፈለገ። ነጅሙዲን ክራንቹን ወደ እኔ ቀሰረ። ተቀመጥኩ፣ ራሴን በራሴ አሰርኩ። እውነተኛ አሎሎ ሰጡኝ፤ እንደ ሚዛኑ ድንጋይ ጠርዝ የለውም፣ ክብ ነው፣ አንገት ሥር ይቀዘቅዛል። ወረወርኩት። ወደፊት ሄደ። ሁለት ሰዎች ሜትሩን ዘረጉ፣ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ጮክ ብሎ አነበበ። አምስት ሜትር ከሠላሳ ሁለት። የጻፈ ሰው እንዳለ ለማየት ዞርኩ። ጸሐፊዋ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ሜትሩ ይሠራል» አለ ዳኛው፤ ነጅሙዲን ተረጎመልኝ።

ከዚያ ገመድ አሰርኩ። የአሥራ አራት አገር ሴቶች በእኔ ቋጠሮ ታስረው በሦስተኛ ማዕረግ ወንበር ወረወሩ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ልጅ በአማርኛ ሳናግራት ደንግጣ «እዚህም የእኛ ሰው አለ?» አለችኝ። «አለ፣ ውሃ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። በእኔ ዓይነት ጉዳት ሦስተኛ የወጣችው አምስት ሜትር ከአሥር ወረወረች። ሦስተኛ እወጣ ነበር ብዬ አላወራም። የነገርኩት ለማዳም ብቻ ነው፤ ለዳቦ ሻጩም፣ ለደላላውም፣ ለሚቀጥለው ቤት ዘበኛም፣ ለድመቷም።

ጀዋሪያ ለጅቡቲ ወርውራ ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣች። ወረቀት ሰጧት፣ ማኅተም ያለው፣ ስሟና ቁጥሯ የተጻፈበት። ገመዷን ስፈታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

«ውሰጂው» አለች። «ስሜን ፍቀሽ ያንቺን ጻፊበት።»

ዓይኗን ሳየው አትቀልድም። ወረቀቱን አነሣሁትና ቁጥሩን አየሁ።

«ሦስት ሜትር ከዘጠና ስምንት?» አልኳት። «ይቅርብኝ፣ እኔ ስም አለኝ።»

ያኔ ነው ሁለታችንም የሳቅነው። ስቀን ስቀን ዳኛው ሜዳውን ልቀቁ አለን።

ሞስዮ ሙሚን ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣ፣ ስኳር በሽታ ያዘው። ሐኪሙ ጫትም ሻይም ከለከለው። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ ፈረንሳይኛ ይናገራል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ባዶው የበርጫ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጠራኝ። በአማርኛ ነው የጠራኝ።

«ፀደይ፣ ያን ቀን ስኳሩን ያበዛው ማነው?»

«የትኛውን ቀን ሞስዮ?»

አየኝ። እኔም አየሁት። እሱ አልነገረኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

«ውሃ አምጪልኝ» አለ።

«ካርዴ ላይም እንደዚያ ነው የሚለው» አልኩና ሄጄ አመጣሁለት።

አሁን 2017 ነው። ሃያብለ፣ ከጀዋሪያ ቤት ጎን አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ጠዋት ጠዋት የማዳም ሐዲጃን ቤት እሠራለሁ፤ ዐርብ ዐርብ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ የወንበሩን ገመድ አስራለሁ፤ ካርዱ ከአልጋዬ በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።